የአየርላንድ የማሳና የድንጋይ ስሞችን መመዝገብ፦ ከየት ልጀምር?

ማዮ_ላይ_ነኝ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች። የምኖረው በአየርላንድ ምዕራብ፣ ማዮ በሚባለው ካውንቲ ነው። ሥራዬ ሆም ኬር ነው፤ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶችን ቤታቸው እየሄድኩ እረዳለሁ።

ከምረዳቸው አንዱ ሰማንያን ያለፉ ገበሬ ናቸው። መሬቱን ለጎረቤት አከራይተውታል። ግን እያንዳንዱን ማሳ አሁንም በስሙ ነው የሚጠሩት። የሚገርመው ስሞቹ አይሪሽኛ ናቸው፣ ሰውዬው ግን አይሪሽኛ አይችሉም። ትምህርት ቤት ከተማሯት ጸሎት በቀር ወሬያቸው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ስሞቹን ከአባታቸው አፍ እንደሰሟቸው ይዘዋቸዋል።

ከቤቱ ጀርባ ያለው «ጋሪ አን ቶበር» ይባላል። ፈረስ የሚጎትተውን ጋሪ እንዳታስቡ፤ በነሱ ቋንቋ ጋሪ ጓሮ ነው፣ ቶበር ደግሞ ምንጭ። ምንጩ ዛሬ የለም። የቧንቧ ውሃ ሲገባ በሲሚንቶ ተደፈነ። ቀጥሎ «ፓርክ ና ግሎኽ» አለ፣ የድንጋዮቹ ማሳ። አሁን ብትሄዱ ጠጠር አታገኙበትም። ድንጋዩ ተለቅሞ አጥር ሆኗል፤ ሣሩ ከሁሉም የሚያምረውም እሱ ነው። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ትልልቅ ድንጋዮች እንደ ጠረጴዛ የተጫኑበት ቦታ አለ። እሱን «የዲርመድና የግራንያ አልጋ» ይሉታል። ከንጉሥ ጦረኛ የኮበለሉ ፍቅረኞች ናቸው አሉኝ። በየቀኑ ሌላ ቦታ ስላደሩ አገሩ ሁሉ አልጋቸው ሆነ።

ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው። መሬቱን የተከራየው ጎረቤት ማሳዎቹን «የላይኛው»፣ «የታችኛው»፣ «ባለ ሼዱ» ነው የሚላቸው። ሰውዬው ሲያልፉ ስሞቹም ማለቃቸው ነው።

እንዴት ብዬ ልመዝግባቸው? በስልክ ልቅዳ? በፊደላችን ልጻፍ? ተጽፎስ ለማን ይሰጣል? የውጭ ሰው ሆኜ ይሄን ነገር መንካቴ ያስነውር ይሆን?

---

ሰነፉ_ገበሬ

የሰው አገር ማሳ ስም ትቆጥሪያለሽ? ደመወዝ ይጨምሩልሻል እንዴ? ሃሃ። ቀልዴን ነው እህቴ፣ ቀጥዪ። ግን የአያትሽን ማሳ ስም ታውቂያለሽ?

---

የደብሊኑ_አስተማሪ

ልጄ፣ ጥሩ ነገር አንስተሻል። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አየርላንድ ገጠሩ ከ60 ሺህ በላይ ታውንላንድ በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። እንደኛ ጎጥ በሉት። የነዚህ ስም ጠፍቶ አይጠፋም፤ ተጽፏል። መንግሥት የቦታ ስም ኮሚሽን ያቋቋመው 1946 ነው። የዛሬው የቦታ ስሞች ቅርንጫፍ ከደብሊን ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ሎገነም የሚባል ድረ ገጽ ከፍቷል። ከ2008 ጀምሮ በነጻ ይሠራል። የቦታውን ስም ስትጽፊ አይሪሽኛውን፣ እንግሊዝኛውን፣ ብዙ ጊዜም በየዘመኑ ሰነድ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ታገኛለሽ።

ችግሩ ከታውንላንድ በታች ያለው ነው። ማሳው፣ ቋጥኙ፣ ጅረቱ፣ የመንገዱ መታጠፊያ፣ ዓሣ አጥማጁ መረብ የሚጥልበት የባሕር ጥግ። ይሄ በአብዛኛው በሰው አፍ ብቻ ያለ ነው። አንቺ የያዝሽው ይህን ነው። ለዚህም ሜሄል ሎገነም የሚል የበጎ ፈቃደኞች መመዝገቢያ አለ። ሜሄል ማለት የኛ ደቦ ነው፣ ጎረቤት ተጠራርቶ የሚያጭደው። ለማን ይሰጣል ላልሽው አንዱ መልስ እሱ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊ። ዱኸስ የሚባለውን ድረ ገጽ ክፈቺና የአካባቢውን የድሮ ትምህርት ቤት ፈልጊ። ከ1937 እስከ 1939 የአየርላንድ የባህል ኮሚሽን አንድ ብልሃት ዘየደ። ባለሙያ ለየመንደሩ ለመላክ ገንዘብ የለውም። ስለዚህ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጆችን ሰብሳቢ አደረጋቸው። የድርሰት ክፍለ ጊዜ ተወሰደ፤ ልጆቹ ቤታቸው ሄደው አያቶቻቸውን እየጠየቁ በደብተር ጻፉ። ስለ ተቀበረ ሀብት፣ ስለ ቅዱስ ምንጭ፣ ስለ ረሃቡ ዘመን፣ ስለ ማሳ ስም። ወደ 5,000 ትምህርት ቤቶች ገቡበት። የተሰበሰበው ወደ 740 ሺህ ገጽ ነው። ሰሜን አየርላንድ አልተካተተችም፤ የተሠራው በ26ቱ ካውንቲዎች ነው።

የደብተሮቹ ፎቶ አሁን ኢንተርኔት ላይ ተለቋል። የልጆቹ እጅ ጽሕፈት ይታያል፣ የቀለም ነጠብጣቡ ሳይቀር። የአዛውንቱ አክስት ወይም የጎረቤት ልጅ የጻፈው ገጽ ቢገኝ አይግረምሽ። አትመሽ ውሰጂላቸው። ከባዶ ጥያቄ ይልቅ ወረቀት አይተው ነው ሰዎች የሚያስታውሱት።

---

ዶኒጎል_ዴሊቨሪ

እኔ በበኩሌ እውነቱን ልናገር። እዚህ ዕቃ አደርሳለሁ። አድራሻ ተብሎ የሚሰጠኝ የሰው ስም፣ የታውንላንድ ስም፣ የከተማ ስም ነው። የቤት ቁጥር የለም፣ የመንገድ ስም የለም። አንድ ታውንላንድ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ስም ያላቸው ስንት ቤቶች አሉ! 2015 ኤርኮድ መጣ፤ ለእያንዳንዱ አድራሻ ባለ 7 ሆሄ ኮድ። ተገላገልኩ። ስልኩ ውስጥ አስገባለሁ፣ በሩ ላይ ያቆመኛል።

ስለዚህ የድሮ ስም ደስ ይላል፣ ግን ለእንጀራ አይሆንም።

---

ፈርማና_ጫፍ

ወንድሜ ዶኒጎል፣ ኮዱ ቤት ያደርስሃል። ላሟ የወደቀችበትን ጉድባ ግን አይነግርህም። ለሐኪም ደውለው «እንዲህ የሚባለው ማሳ ላይ ነኝ» ነው የሚሉት። ማሳ ኤርኮድ የለውም።

እኔ ያለሁት ሰሜን አየርላንድ ነው። 1970ዎቹ ውስጥ ፖስታ ቤቱ ፖስት ኮድ ሲያመጣ ገጠሩን በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር አደራጀው፣ የታውንላንድ ስም ከአድራሻ ወጣ። ሰዉ ተቃውሞ ነበር። ከስድስቱ ካውንቲዎች ስሙን በአድራሻው ላይ ያቆየው ፈርማና ብቻ ነው። ዛሬም ደብዳቤዬ ላይ አለ። ልዩነቱ ይታያል፤ እዚህ ያሉ ወጣቶች የታውንላንዳቸውን ስም ያውቃሉ፣ ሌላ ካውንቲ ያሉ ጓደኞቼ አያታቸውን ይጠይቃሉ።

---

ፎነቲክስ_ስድስት_ኪሎ

የቋንቋ ተማሪ ነኝ። ስለ አቀዳዱ ብቻ ልበል።

አንደኛ ነገር፣ ድምፁን ቅጂ። የፈለግሽውን ያህል ጥሩ አድርገሽ ብትጽፊ ድምፁን አይተካም። ምክንያቱ ቀላል ነው። በእንግሊዝኛ ካርታው ላይ «ኪል» ብሎ የሚጀምር ስም ስንት አለ። ኪልዴር፣ ኪልኬኒ፣ ኪልሞር። አንዳንዱ «ኪል» ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው። ሌላው ደግሞ ጫካ ከሚለው ቃል። በአይሪሽኛ ሁለቱ በድምፅ ይለያያሉ፣ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ግን አንድ ሆነዋል። ስለዚህ «ትልቁ ቤተ ክርስቲያን» ይሁን «ትልቁ ጫካ» ከካርታው ብቻ ማወቅ አይቻልም። የድሮ ሰነድ ያስፈልጋል፣ ወይም እንደ ገበሬሽ ያለ ሰው አፍ።

ቋንቋውን አለመቻላቸው አያሳስብሽ። አንዳንዴ እንዲያውም ይጠቅማል። ትርጉሙን የማያውቅ ሰው ድምፁን «ለማረም» አይነሳም፤ አባቱ እንዳለው ነው የሚለው። የሚያሳስበኝ ስሙን አሳምሮ የሚተረጉም ጎረቤት ነው። ደብሊን ዳር ሌፐርድስታውን የሚባል ሰፈር አለ፣ ፈረስ የሚሮጥበት። ስሙን የሰማ የነብር ከተማ ይለዋል። አይሪሽኛው ግን «ባለ ና ላወር» ነው፣ የለምጻሞች መንደር። አየርላንድ ውስጥ ነብር ከየት ይመጣል?

በፊደላችን መጻፉን አልጠላውም። «ኽ» አለን፤ ትግርኛ የሚችል ሰው «ሎኽ» (ሐይቅ) ሲል ከእንግሊዝ ይሻላል። ግን ለራስሽ ማስታወሻ ብቻ ይሁን። አይሪሽኛ እያንዳንዱን ተነባቢ በወፍራምና በቀጭን ይለያል፤ ፊደላችን ያንን አይዝም።

አዛውንቱን ስሙን ብቻውን አታስብያቸው። «ጠዋት ከብቱን ወዴት ይነዱ ነበር?» በያቸው። ስሙ በወሬ መሀል ሲወጣ ነው ትክክለኛ ድምፁ የሚመጣው። ከዚያ በኋላ ቀስ ብለው አንድ ጊዜ እንዲደግሙት ጠይቂ። ቀረጻው ሲጀመር ቀኑን፣ ቦታውንና ማን እንደሚናገር በራስሽ ድምፅ ተናገሪ። ፋይል ስሙ ይቀየራል፣ ድምፁ ውስጥ ያለው ግን አይጠፋም።

---

ማዮ_ላይ_ነኝ

አስተማሪ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዱኸስን ሌሊቱን ስቆፍር አደርኩ። የአዛውንቱን ትምህርት ቤት አገኘሁት! ከመንደሩ በላይ ስላለው ክብ የአፈር ምሽግ አንዲት ልጅ ጽፋለች። «ማታ ማታ መብራት ይታያል፣ ማንም አያርሰውም» ይላል። እሳቸውም ያንኑ ነግረውኝ ነበር።

ስድስት ኪሎ፣ «ከብቱን ወዴት ይነዱ ነበር» የሚለው በጣም ሠርቷል። በፊት የማላውቃቸው ስሞች ወጡ። የበር ስም አለ! ለካ የአጥር በርም ስም ይወጣለታል።

---

አልረሳም_ባይ

ይሄ ሁሉ እኮ የእንግሊዝ ሥራ ነው። መጥተው ካርታ አነሱ፣ ስሙን ሁሉ አበላሹት። ቅኝ ገዢ ሁሌም እንዲሁ ነው።

---

የደብሊኑ_አስተማሪ

ግማሹ እውነት ነው ወንድሜ። ሌላውን ግማሽ ካልነገርን ግን ማዮ ያለችው ልጅ ዋናውን መሣሪያ ሳታገኘው ትቀራለች።

የመንግሥት ካርታ ሥራው 1824 ነው የተጀመረው። ዋና ዓላማው ግብር ነበር፤ መሬት ለመገመት የታውንላንድ ድንበር ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች በስድስት ኢንች አንድ ማይል እያሉ አገሩን ሁሉ አነሱት። ስሞቹ በእንግሊዝኛ ሆሄያት እንዲጻፉ ተወሰነ። «ባለ» (መንደር) የነበረው «ባሊ» ሆነ፣ «ክኖክ» (ኮረብታ) የነበረው «ኖክ» ሆነ። እስከዚህ ድረስ ያልከው ልክ ነው።

ነገር ግን ስሞቹን እንዲያጣራ የተቀጠረው ጆን ኦዶኖቫን የኪልኬኒ ገበሬ ልጅ ነው። አይሪሽኛውም የጥንት ብራናውም የገባው ሰው ነበር። 1830ዎቹን በእግሩ ዞረ። በየደብሩ ሽማግሌ እያስጠራ ስሙን በአፋቸው አስባለ፣ ከድሮ ሰነድ ጋር አስተያየ፣ በስም መዝገቦቹ ላይ ከእንግሊዝኛው ጎን አይሪሽኛውን አኖረ። ማታ ማታ ለአለቆቹ ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤዎቹ ተረት፣ ታሪክ፣ ሐሜትና የዝናብ ስሞታ የተቀላቀሉባቸው ናቸው።

አሁን ዘመኑን አስብ። ኦዶኖቫን ያናገራቸው ሰዎች፣ በተለይ የምዕራቡ ድሆች፣ ትንሽ ቆይቶ በ1845 ረሃቡ ገባባቸው። ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው አለቀ፣ ከዚያ ያላነሰ ተሰደደ። ከሁሉ የተጎዳው አይሪሽኛ የሚነገርበት አገር ነው። ከረሃቡ በኋላ ቢዞር ኖሮ ብዙ ታውንላንድ ላይ የሚጠይቀው ሰው ባልኖረ። ካርታው ስሞቹን አጣመማቸው፣ መዝገቡ ደግሞ አቆያቸው። ሁለቱንም ያደረገው ያው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። እኔ ቅኝ ገዢን የማመሰግን ሰው አይደለሁም፣ ኦዶኖቫንን ግን አመሰግነዋለሁ።

ልጄ፣ የድሮዎቹ ካርታዎች ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይታያሉ። የማሳዎቹ አጥር ሳይቀር አለ። አትመሽ ስሞቹን በእርሳስ ላዩ ላይ ሙዪ። የዛሬው የሳተላይት ፎቶ ላይ አጥሮቹ ፈርሰው ሁለት ሦስት ማሳ አንድ ሆኗል፤ ለአዛውንቱ ግን አሁንም ሦስት ነው።

---

የኤኒስ_ልጅ

የአፈር ምሽጓን ስላነሳሽ፤ እኔ ክሌር ካውንቲ ነኝና የኛን ላውጋችሁ።

እነዚህ ክብ ክብ ምሽጎች የጥንት ገበሬዎች ቤት የነበሩ ናቸው፣ ከሺህ ዓመት በላይ የሆናቸው። በየመንደሩ አሉ፤ «ሊስ» ወይም «ራ» ብሎ የሚጀምር የቦታ ስም ብዙው ከነሱ ነው። ሰዉ ግን የሲዎች፣ ማለትም የማይታዩት ሕዝቦች ቤት ነው ይላል። ቆሌ በሉት። የነካው ይታመማል፣ ከብቱ ያልቃል። ስለዚህ ማረሻ አልገባባቸውም። በሕግ ከመጠበቃቸው በፊት በወሬ ነበር የተጠበቁት።

የኛው ሰፈር ደግሞ ቁጥቋጦ ነው። 1999 ላይ ወደ ኤኒስ የሚወስደው ትልቁ መንገድ ሲሠራ ላቱን የሚባል ቦታ ላይ አንዲት እሾሃማ ዛፍ መስመሩ ላይ ቆማለች። ኤዲ ሌኒሃን የሚባል ተረት ነጋሪና ተረት ሰብሳቢ ተነሳ። የማንስተር (የደቡቡ ክፍለ ሀገር) ሲዎች ከኮናክት (ከምዕራቡ) ሲዎች ጋር ሊዋጉ ሲሄዱ የሚሰበሰቡባት ዛፍ ናት፣ ከቆረጣችኋት መንገዱ ላይ አደጋ አይጠፋም አለ። ጋዜጣ ላይ ጻፈ። ነገሩ ባሕር ተሻግሮ የዓለም ወሬ ሆነ። መሐንዲሶቹ መጨረሻ ላይ ዛፏን በአጥር ከለሏት፣ መንገዱ አጠገቧ ያልፋል። 2002 ላይ አንዱ ሌሊት መጥቶ ቅርንጫፏን በሞተር መጋዝ መለመላት። መልሳ አቆጠቆጠች።

እኔ ሁልጊዜ በዚያ ሳልፍ እቃኛታለሁ። በሲ አላምንም። ግን አልነካትም።

---

ወለተ_ማርያም_21

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይሄ የአጋንንት ነገር ነው። እህቴ ስሙን ጻፊ፣ ግን የመናፍስቱን ተረት ተዪው። ምን ይጠቅምሻል?

---

የኤኒስ_ልጅ

እህት ወለተ ማርያም፣ የሚያወሩት ሰዎች ራሳቸው እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ናቸው። ከቅዱስ ምንጩ ጠበል ይቀዳሉ፣ ከምሽጉ እንጨት አይቆርጡም። ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ነው ያለው። ስሙን ከወሬው ነጥለሽ ብትጽፊ «ክብ ጉብታ» የሚል ብቻ ይቀርሻል። ለምን እንዳልታረሰ ማን ያውቃል?

---

ወለተ_ማርያም_21

እሺ፣ ጻፉት። እኔ ግን አላነበውም።

---

ካዛንቺስ_ነበርኩ

ይሄን ሳነብ ሆዴ ባባ። ካዛንቺስ ፈረሰ አይደል። ስሙ ራሱ የጣሊያን የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ማኅበር ምሕጻር ነው ይባላል። ከዚያ በታች ግን ስንት የኛ ስም ነበረ! የቤቶቹ መሀል መንገድ፣ የቧንቧው ጋ፣ የእገሌ ሱቅ ጋ። ያን ማን ጻፈው? አየርላንዶች ለድንጋይ ስም መሥሪያ ቤት አላቸው።

---

አስተናጋጅ

ወዳጄ፣ ትልቅ ነገር ነው ያነሳኸው፣ ግን እዚህ ከገባን አንወጣም። የአዲስ አበባ ሰፈሮችን ስም ለመሰብሰብ ሌላ ክር ክፈት፣ እኔ ከላይ እሰካዋለሁ። እዚህ አየርላንድ ላይ እንቆይ።

---

ጎልዌይ_ባሕር_ዳር

የውጭ ሰው ሆኜ ያስነውር ይሆን ላልሽው፤ እዚህ ጎልዌይ ውስጥ ስሙ የሚነሳው የካርታ ሰው የእንግሊዝ ተወላጅ ነው። ቲም ሮቢንሰን። ከዮርክሻየር ነው። ለንደን ሠዓሊ ሆኖ ኖሮ 1972 ላይ ከሚስቱ ጋር አራን ደሴት ገባ። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ «ለጎብኚ የሚሆን ካርታ ለምን አትሠራም?» አለችው። ሠራ። አይሪሽኛ ተማረ፣ እያንዳንዱን የድንጋይ አጥርና የባሕር ገደል በእግሩ ዞረ። የአራንን ካርታ 1975፣ የበረንን 1977፣ የኮኔማራን 1990 አወጣ። 2020 ላይ በኮቪድ አረፈ። ሰነዶቹ ጎልዌይ ዩኒቨርሲቲ ናቸው።

እኔ ስገምት የውጭ ሰው መሆኑ ረድቶታል። የአገሩ ልጅ «ይሄ ምን ይባላል?» ብሎ ሲጠይቅ «አባትህን አትጠይቅም?» ይሉታል። ለውጭ ሰው ግን ከሥሩ ጀምረው ያስረዳሉ። አንቺም እንደሱ ነሽ። ሻይ ጠጥተሽ፣ አግዘሽ፣ ምሳ ሠርተሽ ነው የምትጠይቂው።

ብቻ ሮቢንሰን እንዳላመነው አንቺም የመንግሥት ካርታ ላይ ያለውን እንዳለ አትመኚ። እሱ ሲዞር ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሲገለበጡ የኖሩ ስህተቶች ነበሩ። ወታደሩ የሰማውን፣ ጸሐፊው የገመተውን፣ አታሚው የፈለገውን ነው ያተሙት። የባሕር ዳሩ ሰው ደግሞ ምንም ሳይመስለው በራሱ ስም ይጠራ ነበር።

---

ኮርክ_ነርስ

ሁላችሁም ቅጂ ቅጂ አላችኋት። እኔ የማልወደው ነገር አለ፣ ልናገር።

አንደኛ፣ ሆም ኬር ላይ ያለሽ ሠራተኛ ነሽ። በሥራ ሰዓት ስልክ አውጥተሽ ደንበኛሽን መቅዳት ጣጣ ያመጣል። ድርጅትሽን አስፈቅጂ፣ ወይም በዕረፍት ቀንሽ እንደ ጎረቤት ሂጂ። አዛውንቱ ፈቃዳቸውን በወረቀት ይስጡ፤ ቀረጻው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚሰማው ይወቁ። ልጆቻቸውም ይወቁ። የአውሮፓ የመረጃ ሕግ ቀልድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ኪሊን የሚባል ስም ከወጣ ቀስ በይ። ያልተጠመቁ ሕፃናት የተቀበሩበት ቦታ ነው። ቤተ ክርስቲያን በተባረከ መሬት አላስቀብር ስትል አባት ማታ ሬሳውን ይዞ ወጥቶ ድንበር ላይ፣ ባሕር ዳር ወይም ያ የአፈር ምሽግ ውስጥ ይቀብር ነበር። የሩቅ ዘመን እንዳይመስላችሁ፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የቀጠለ ነው። ስለዚህ አሁን በሕይወት ያለ ሰው ወንድሙ ወይም እህቱ እዚያ ሊኖር ይችላል። ሥራ ላይ አንዲት እናት አውቃለሁ፣ ስሙ ሲነሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እንዲህ ያለውን ቦታ ከነመለኪያ ነጥቡ ኢንተርኔት ላይ አይጫንም፣ ቤተሰብ ካልፈቀደ። ስሙን በደብተር ያዢ፣ ቦታውን ተዪ።

---

ማዮ_ላይ_ነኝ

የኔ እህት ኮርክ፣ ልክ ነሽ። አስተባባሪዬን ጠይቄያለሁ፤ ከሥራ ሰዓት ውጪ ከሆነና ቤተሰቡ ከተስማማ ችግር የለም ብላኛለች። ቦስተን ያለችው ልጃቸው በቪዲዮ ደውላ «እኔም ቅጂውን እፈልጋለሁ» አለች።

ኪሊንም አለ። ነግረውኛል። አልቀዳሁትም።

---

ኬሪ_ታክሲ

ስማችሁ ከተጻፈ በኋላ ደግሞ ሌላ ጦርነት አለ፣ ሰሌዳው። እኔ ዲንግል ነኝ። 2005 ላይ በሕግ የጌልታክት፣ ማለት አይሪሽኛ የሚነገርበት ክልል፣ ቦታዎች በሙሉ ሰሌዳቸው አይሪሽኛ ብቻ ሆነ። ዲንግልም «አን ዳንገን» ተባለ። ቱሪስቱ ካርታ ላይ ዲንግል ብሎ ይመጣል፣ ሰሌዳው ላይ ዲንግል የለም። ነጋዴው ጮኸ። ሰዎች ሌሊት ሰሌዳው ላይ በቀለም ዲንግል ብለው ይጽፉ ነበር። 2006 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ፤ በጣም ብዙው ሁለቱም ስም ይኑር አለ፣ አይሪሽኛውም አጭሩ ሳይሆን ረጅሙ «ዳንገን ኢ ኹሽ» ይሁን። በሕግ የጸናው 2011 ነው።

የሚገርመው ከተቃወሙት ብዙዎቹ አይሪሽኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። ቋንቋውን ጠልተው አልነበረም። ከደብሊን ስም ተጽፎ ሲመጣላቸው ነው የተናደዱት።

---

ዶኒጎል_ዴሊቨሪ

እሱስ እውነት ነው። ጌልታክት ውስጥ መጀመሪያ ስሠራ ጂፒኤሱ በእንግሊዝኛ ይነግረኛል፣ ሰሌዳው በአይሪሽኛ ነው። ግራ ገብቶኝ ስጠይቅ ደግሞ ገበሬው ሦስተኛ ስም ይነግረኛል፣ ሁለቱም ላይ የሌለ። በሱ ስም ነው ብዙ ጊዜ የደረስኩት።

---

ሰነፉ_ገበሬ

እንግዲህ እንጀራ አይሆንም ያልከው ወንድሜ አንተ ነህ። ሃሃ።

---

ፎነቲክስ_ስድስት_ኪሎ

ለማዮ አንድ ነገር ልጨምር። አይሪሽኛ እችላለሁ የሚል ከ1.8 ሚሊዮን ሰው በላይ ነው፣ በ2022 ቆጠራ። ከትምህርት ቤት ውጪ በየቀኑ የሚናገረው ግን ወደ 72 ሺህ ነው። ስለዚህ ጎረቤትሽ አስተማሪ «ይሄ በትክክል እንዲህ ነው የሚጻፈው» ብላ የአዛውንቱን አነጋገር በትምህርት ቤት አይሪሽኛ ልታስተካክልልሽ ትችላለች። አመስግኚያትና የሷን ለብቻው ጻፊ። በአዛውንቱ ላይ አትደርቢው። የማዮ አነጋገር ከማንስተሩም ከዶኒጎሉም ይለያል።

ኪልኬኒ፣ ሚድና ላውዝ ካውንቲዎች በበጎ ፈቃደኞች የማሳ ስም የሰበሰቡ ናቸው። የማዮን ካውንቲ የቅርስ ኃላፊ ብታናግሪ ቅጽና ካርታ ይሰጡሻል ብዬ አስባለሁ። በየካውንቲው ምክር ቤት የቅርስ ኃላፊ አለ።

---

ማዮ_ላይ_ነኝ

ጻፍኩላቸው፤ መልስ እየጠበቅሁ ነው።

አሁን አንድ ጭቅጭቅ ገጥሞኛል። የአዛውንቱ ታናሽ እህት ሁለት መንደር ዘልቀው ነው ያገቡት። ስልክ ላይ አገናኘኋቸው። ወንዙ ዳር ያለውን ማሳ እሳቸው «ጎርት ና ላኸን» ይሉታል፣ የዳክዬዎቹ ማሳ። እህታቸው «ዳክዬ የት አይተህ ነው፣ ጎርት ና ሌካን ነው፣ የጠፍጣፋ ድንጋዮቹ» አሉ። ተጣሉ። እሳቸው «አባባ ዳክዬ ያድን ነበር» ይላሉ፣ እህትየው «አባባ ጠፍጣፋውን ድንጋይ ለቤት ጣሪያ ያወጣበት ነበር» ይላሉ። ማንን ልመን?

---

ፎነቲክስ_ስድስት_ኪሎ

ማንንም አትመኚ። ሁለቱንም ጻፊ፣ ከጎኑ ማን እንዳለ፣ ምን ምክንያት እንደሰጠ። ሁለት ሰው አንድ ቤት አድጎ ሁለት ስም ከያዘ እሱ ራሱ መረጃ ነው። ከዚያ የድሮው ካርታ ላይ ማሳው አጠገብ የድንጋይ ማውጫ ጉድጓድ ምልክት ካለ ተመልከቺ።

---

የደብሊኑ_አስተማሪ

ደብተሮቹንም አትርሺ። የመንደሩ ልጆች ስለ ዳክዬ አደን ጽፈው ይሆናል።

---

ማዮ_ላይ_ነኝ

ካርታው ላይ የድንጋይ ማውጫ አለ። ግን ማሳው ውስጥ ሳይሆን ወንዙን ተሻግሮ ነው። ስለዚህ ጭቅጭቁ አላለቀም። እህታቸው ቅዳሜ ይመጣሉ፤ ሁለቱንም ማሳው ድረስ ወስጄ እዚያው ቆመው ሲከራከሩ ልቀዳ ነው። ልጃቸውም በቪዲዮ ትገባለች። ቀረጻውን ቤተሰቡ ከፈቀደ እዚሁ ክር ላይ እለጥፈዋለሁ። የሚችል ሰው ካለ «ላኸን»ና «ሌካን»ን እየሰማ ይፍረድልኝ።